ለክላሚዲያ የ7 ቀን ዶክሲሳይክሊን ወይስ የአንድ ጊዜ አዚትሮማይሲን?

ክላሚዲያ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። በምርመራ ሲረጋገጥ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከሁለቱ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች አንዱ ነው። አዚትሮማይሲን 1 ግራም በአንድ ጊዜ ተውጦ ያልቃል። ዶክሲሳይክሊን ግን 100 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን ይወሰዳል።

ሰው ቶሎ የሚገላግለውን ቢፈልግ አይገርመኝም። እኔ ግን ዶክሲሳይክሊኑን አስቀድማለሁ። በተለይ ኢንፌክሽኑ ፊንጢጣ ላይ ከሆነ የተሻለ ያጠፋዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም በ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያው ያስቀደመው እሱኑ ነው። ችግሩ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ላይ ይመጣል። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠሉ ይተዋል። ሰውየው “በቃ፣ ድኛለሁ” ይልና የቀረውን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል። እባካችሁ ጨርሱት! በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ዋጡት፤ ወዲያው ጋደም አትበሉ። ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። በእነዚያ ቀናት ፀሐይም ቆዳን ቶሎ ያቃጥላል።

ለነፍሰ ጡር ግን የሚመረጠው አዚትሮማይሲን ነው። ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚከብደውም ያግዛል።

ከግንኙነት መታቀቡ በሁለቱም 7 ቀን ነው። የአንድ ጊዜውን የዋጠም ያው ነው። የፍቅር ጓደኛም መታከም አለበት፤ አለዚያ እንደገና መያዝ ይመጣል።