ለልጆች ምሳ፦ የእንጀራ ጥቅል ወይስ የቂጣ ጥቅል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ጠዋት ምሳ ዕቃ ፊት ቆሞ «ዛሬ ምን ልቋጥርለት?» የማይል ወላጅ የለም። ለሕፃን ልጅ በእጁ ይዞ የሚበላው ጥቅል ይቀለዋል፤ ሽሮ የተቀባ እንጀራ ወይም እንቁላል የተጠቀለለበት የስንዴ ቂጣ።

ወጪ፦ እንጀራው ከመሶብ፣ ሽሮው ከማታው ድስት ይወጣል። ለቂጣው ግን እንቁላሉ ኪስ ይነካል።

አሠራር፦ ሽሮው አልጫና ወፈር ያለ ይሁን። ሳይቀዘቅዝ ከተጠቀለለ እንፋሎቱ እንጀራውን ያረጥበውና ልጁ ሲይዘው ይበጣጠሳል፤ የእኔ ልጅ ልብሱን አበላሽቶ የመጣው በዚህ ነው። ዳር ዳሩን ሁለት ጣት ያህል ሳይቀቡ ትቶ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል ነው። የስንዴው ሊጥ በለብታ ውኃና በጥቂት ዘይት ታሽቶ 15 ደቂቃ ካረፈ በስሱ ይዳመጣል። ከምጣድ እንደወጣ በጨርቅ ካልተሸፈነ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል።

ስጋት፦ የበሰለ እንቁላል ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል፤ በኮምቦልቻ ሙቀትማ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሽሮም ይበላሻል፤ የማታውን ጠዋት ደህና አድርጎ ማፍላት ግድ ነው። በእንቁላሉ ፈንታ የለውዝ ቅቤ ሙቀት ይችላል፣ ለውዝ የማይስማማው ልጅ በክፍሉ ከሌለ።

በወሎ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ተጎራርሶ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የሌለው ሽሮ ለሁሉም ይሆናል።

ምሳው እኩለ ቀን የሚበላ ከሆነ፣ ጠዋትም ጊዜ ካጠረ፣ እንጀራው ይሻላል። ልጁ ረፋድ ላይ የሚበላ ወይም ግማሽ ቀን ብቻ የሚውል ከሆነ፣ ሽሮም ከሰለቸው፣ የእንቁላሉ ቂጣ ይመረጣል።