ገፈርሳ ሄዳችሁ ይቺን ቡና ቤት እንዳታልፏት

በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፋችሁ ገፈርሳ ግድብ አካባቢ አስፋልቱ ዳር ያለችዋን ቡና ቤት ማለቴ ነው። ቡናው አሪፍ ነው፣ ጥብሱ ትንሽ ያስጠብቃል ግን እየጨሰ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም ከመሀል ከተማ ይሻላል።

እኔን የማረከኝ ግን ግድግዳው ነው። ባለቤቱ ጋሼ የሚሽካ ባቢቼፍን ታሪክ ከበሩ እስከ ጓሮ ድረስ በፎቶና በጽሑፍ ደርድረውታል። ሚሽካ እኮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓይለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተወለደ፣ አባቱ ራሺያዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ ስሙን የሰማ ሁሉ ፈረንጅ ነው ብሎ ሲያልፈው በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ለምን ገፈርሳ ካላችሁ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ከጅቡቲ መጥታ ያረፈችው እዚሁ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ነው፣ ያበረራት ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር፣ ግድቡ ያኔ የለም። በሚቀጥለው ዓመት እ.ኤ.አ. 1930 ሚሽካ የፓይለት ፈቃዱን አገኘ፣ አስፋው ዓሊም ተከተለው። ጋሼ ጊዜ ካላቸው ወንበር ስበው ራሳቸው ያስረዷችኋል፣ ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል ክንፉም የሚሸከመው አየር ያንሰዋል፣ ስለዚህ ለመነሳት ረጅም ሜዳ መንደርደር ያስፈልጋል፣ ያውም በዚያ ዘመን ሞተር ፊትህ ለንፋስ ተሰጥቶ። ይሄን ሰምታችሁ ወጥታችሁ ሜዳውን ስታዩት ሚሽካ ምን ያህል ደፋር እንደነበር ይገባችኋል። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ሞስኮ በዲፕሎማትነት መስራቱንም ያወቅኩት እዚሁ ነው።

በ1935 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ መጥቶ አየር ኃይላችንን የመራው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰንም አንድ ጥግ ተሰጥቶታል፣ መቃብሩ ጉለሌ ነው፣ የሱ ግን ጽሑፉ ከማነሱ የተነሳ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ይቅርታ ብላችሁ ጎንበስ ማለት አለባችሁ።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጠዋት ይሁን፣ ኳስ ባለበት ሰዓት ቲቪው ስለሚጮህ ጋሼን መስማት አይቻልም። ጋሼ ደግሞ ይሄንን ካነበቡት እባክዎ ሙሉመቤት እምሩን ይጨምሩልን፣ በዚያ ዘመን በረራ የተማረች ሴት ከዚያ ግድግዳ ላይ መቅረቷ ከልቤ ቅር ብሎኛል፣ ቦታ ጠበበ ካሉ ካሸሩ ጋ ያለው የቢራ ፖስተር ይነሳ፣ ፎቶዋን ማሳተሚያውን እኔ እችላለሁ።