የዘር ድንች ቆጡ ያዋጣል?
የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ገበሬው ጓሮ ድረስ ወርዶ ከሚያሳያቸው ነገሮች ለሰሜን ሸዋ ደጋ እንደ ዘር ድንች ማከማቻ የሚበጅ ጥቂት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከባሕር ዛፍ አጠና ቆጥ በቆጥ ይሠራል፣ ብርሃን እንዲገባ ግድግዳው አይመረግም፣ ክዳኑ ግን ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳያስገባ ወደ ውጭ ይረዝማል። አጠናው ከደጅ ስለሚገኝ ወጪው ሚስማርና ክዳን ነው፤ ሣርም ይበቃል።

እንቁላል የሚያክለው ድንች ተመርጦ ከሁለት ወይም ከሦስት ድርብ ሳይበልጥ ይዘረጋል። ጨለማ ውስጥ የከረመ ድንች ነጭ፣ ቀጭንና ረጅም ጉንቁል ያወጣል፤ ማሳ ሳይደርስ ይረግፋል። ቆጥ ላይ የከረመው ግን አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጉንቁል ይይዛል። በ75 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል ብቅ የሚለው እኩል ነው።

ቅር የሚያሰኘው፣ ሥልጠናው ብዙ ጊዜ ስለ ቆጡ እንጂ ስለ ዘሩ ጤና አለማብራራቱ ነው። አጠውልግ የተባለው ተክሉን የሚያጠወልግ በሽታ የያዘው ድንች ቆጥ ላይ ቢከርም አይድንም፤ በሽታውን ለአዲሱ ማሳ ያወርሳል። ስለዚህ የጠወለገው ተክል ገና ከማሳው ሳለ ከነሥሩ ይነቀል። የድንች እሳት እራት ካስቸገረ የቆጡን ጎን በጥቅጥቅ ወንፊት መሸፈን ነው። አረንጓዴ የሆነውን ደግሞ ለወጥ ማውረድ የለም፤ ይመርዛል።