ቪትስ ውስጥ የሚገባ ጀልባ፦ ቀጭኑ ላስቲክ ወይስ ወፍራሙ ፒቪሲ?

«ፎቅ ላይ የሚወጣ፣ ቪትስ ውስጥ የሚገባ፣ ዝዋይ ላይ የማያሳፍር ጀልባ የትኛው ነው?» ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆውን ይዞ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህን መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ከፊት ይቀመጥ፦ ከ2.3 እስከ 2.7 ሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ ክር ያለው 0.9 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ፣ ወለሉ ኮምፔንሳቶ የሆነ። ሌላው ወይ ለመዋኛ ገንዳ ነው፣ ወይ ፒክአፕና ግቢ ላለው ሰው ነው።

ቀጭን የምንለው እንደ ኢንቴክስና ቤስትዌይ ያሉ ፋብሪካዎች የሚሠሩትን፣ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን ክር የለሽ ቪኒል ነው። ለተሠራበት ዓላማ፣ ማለትም ለልጆች ጨዋታና ለጸጥተኛ ውኃ፣ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዘንግ የያዘ ሰውዬ ሥዕል ማመን ላይ ነው።

ወደ ዋጋ እንግባ። በብር ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአምና ዋጋ ዘንድሮ ቀልድ ነው። ስለዚህ መነሻው የውጭው ዋጋ ይሁን። ቀጭኑ ባለ ሁለት ሰው ውጭ አገር ከ30 እስከ 50 ዶላር ነው። ባለ አራትና ባለ አምስት ሰው የሚባለው ከነመቅዘፊያውና ከነፓምፑ ከ120 እስከ 250 ዶላር ያወጣል። ወፍራሙ የቻይና ፒቪሲ ከ300 እስከ 600 ይደርሳል፤ ስመ ጥር ፋብሪካዎች ከ1,000 በላይ ይላሉ። ነጋዴው የጠራላችሁን ብር በዕለቱ ምንዛሪ አካፍሉና ከእነዚህ ጋር አስተያዩት። ጭነት፣ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ቫትና ትርፍ ተደርቦ እጥፍ ቢሆን አይገርምም። ሦስት እጥፍ ካለፈ አመስግናችሁ ውጡ። ከመወደዱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን መርከሱ ነው፦ «0.9 ሚሊ» የተባለ ጀልባ በቀጭኑ ዋጋ ከተሸጠ 0.9 አይደለም።

ጥያቄው «ዋጋው ስንት ነው?» ከመሆኑ በፊት «ዋጋው የምኑ ነው?» ይሁን። መቅዘፊያው፣ ፓምፑ፣ ወንበሩ፣ ወለሉ፣ ቦርሳው፣ ማጣበቂያው አብሮ አለ? በርካሽ የተጠራ ጀልባ መቅዘፊያና ወለል ለየብቻ ሲገዛለት መጨረሻው ከውዱ ጋር እኩል ይመጣል።

ቀጥሎ ሒሳቡን በጉዞ አካፍሉት። ቀጭኑ 15,000 ብር፣ ወፍራሙ 50,000 ብር ነው እንበል። ቀጭኑ 10 ጉዞ ካገለገለ በጉዞ 1,500 ብር በላ ማለት ነው። ወፍራሙ 60 ጉዞ ካገለገለ በጉዞ 833 ብር ይመጣል፤ በላዩም አሮጌነቱ ገዢ ያገኛል። ያገለገለ ቀጭን ጀልባ ግን በነጻም የሚወስደው የለም። አዲስ አበባ–ዝዋይ ደርሶ መልስ 320 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቪትስ እንኳ 20 ሊትር ገደማ ቤንዚን ትጠጣለች። ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ደርሶ ጀልባው ሲተነፍስ የሚከስረው ያ ቤንዚን፣ የፍጥነት መንገድ ክፍያውና ቅዳሜዋ ጭምር ነው።

ጀልባውን የሚገድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የግራር እሾህ ነው። ዝዋይና ላንጋኖ ዳር ጀልባ የሚነፋው ግራር ሥር ነው፤ ጥላ ያለው እዚያ ነዋ። ቀጭኑ ቪኒል በራሱ ክብደት ብቻ እሾሁ ላይ ይበሳል። ወፍራሙም ቢሆን ሰው ከላይ ከቆመበት ይበሳል፤ ስለዚህ ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ወይም አሮጌ ሰሌን ሳይነጠፍ አይዘረጋ። ሁለተኛው ራሱ ዓሣው ነው። የቆሮሶ የጀርባ እሾህና የአምባዛ የጎን እሾህ ቀጭኑን ወለል እንደ መርፌ ይወጋሉ። ዓሣው የሚገባበት ባልዲ ከሌለ፣ ጥሩ ቀን የዋለላችሁ ዕለት ጀልባው ይተነፍሳል። ሦስተኛው ነፋስ ነው። ሐይቆቹ ማለዳ ጸጥ ብለው ከቀትር በኋላ ይናወጣሉ። ዝዋይ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጠልቅ ማዕበሉ አጭርና ደፋር ነው። ቀጭኑ ጀልባ ቀላል ስለሆነ እንደ ፌስታል ይገፋል፤ ፕላስቲክ መቅዘፊያው ይለመጣል፣ መቅዘፊያው የሚገባበት ቀለበት ከሥሩ ይነቀላል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ማለት ይኼ ነው፤ ወደ መሐል ሲሄዱ ነፋሱ ያግዛል፣ ሲመለሱ ያግታል።

«ባለ አራት ሰው» የሚለውን ለሁለት፣ «ባለ ሁለት ሰው» የሚለውን ለአንድ ሰው አንብቡት። ዘንግ፣ ባልዲና ምሳ ቦታ ይፈልጋሉ።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ልዩ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ሻጮች አይነግሩትም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ዝዋይ 1,640 ገደማ ላይ። በዚህ ልዩነት የአየር ግፊቱ በ0.07 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይለያያል። የቀጭን ጀልባ የሥራ ግፊት 0.03 ባር አካባቢ ነው፤ የወፍራሙ 0.2 ባር ገደማ። እንግዲህ ቤት ነፍታችሁ ጣራ ላይ ጭናችሁ ብትወርዱ ቀጭኑ ዝዋይ ሲደርስ ሟሽሾ ታገኙታላችሁ፤ ቀዳዳ ግን የለውም። አደገኛው መልሱ ነው፦ ሐይቁ ዳር በደንብ የተነፋ ቀጭን ጀልባ ሳይተነፍስ ወደ አዲስ አበባ ከወጣ ስፌቱ ሊፈነዳ ይችላል። ፀሐይም እንዲሁ ናት፤ በውስጡ ያለው አየር 10 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ ወደ 0.03 ባር ይጨምራል፤ ይህ ለወፍራሙ ምንም አይደለም፣ ለቀጭኑ እጥፍ ነው። ውኃው ላይ አስገብታችሁ፣ ቀዝቅዞ ሲላላ፣ የቀረውን ጨምሩ። ማታ ሲላላ ደግሞ «ቀዳዳ አለው» ብላችሁ ሳሙና ይዛችሁ አትሩጡ።

አነፋፉም ያበላሻል። 2.3 ሜትሩ ጀልባ 500 ሊትር ገደማ አየር ይይዛል፤ በ5 ሊትር የእግር ፓምፕ ከ100 እስከ 150 ርግጫ ነው፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላ። ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት ግን ቀጭኑን መግደያ ነው። የውስጡ መከፋፈያ ተቀድዶ ወለሉ እንደ ትራስ ያብጣል፤ ያንን የሚጠግን የለም።

አሁን ወደ ጥገናው፤ ወፍራሙን የሚያስመርጠው በዋናነት ይህ ነው። ቀጭኑ ስፌቱ ላይ ከተቀደደ አልቋል። በሙቀት የተበየደ እጥፋት ስለሆነ ልጣፉ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ የለም፤ ቪኒሉም ሲነፋ ስለሚለጠጥ ልጣፉን ከጠርዙ ያላቅቀዋል። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ሚጢጢ ልጣፍ ለመርፌ ቀዳዳ ብቻ ናት።

ወፍራሙ አይለጠጥም፣ ስለዚህ ልጣፍ ይይዛል፤ ግን ማጣበቂያው ትክክለኛ ከሆነ ነው። ጎሚስታው የሚያውቀው የጎማ ማስቲሽ ፒቪሲ ላይ አይሠራም፤ በሙቀት ልለጥፍ ካለ ደግሞ ጨርቁን ያቀልጠዋል። የጫማ ሰሪ ቢጫ ማስቲሽ ለሳምንት ይይዝና ፀሐይ ሲመታው ይንሸራተታል። ሱፐር ግሉ ደርቆ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቧንቧ ማጣበቂያው ነው፤ ስሙ ፒቪሲ ስለሆነ ብቻ ገዝተው ይቀቡታል፣ እሱም ሽፋኑን በልቶ እንደ ቆርቆሮ ያደርቀዋል። የሚያስፈልገው ማጠንከሪያው ለብቻ የሚመጣ ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ነው። ሲገዙ ማጠንከሪያዋ ትንሿ ጠርሙስ መኖሯን አይታችሁ ውሰዱ፤ ያለ እሷ ማጣበቂያው ግማሽ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀዳዳውን በሳሙና ውኃ ፈልጉና በቢክ ክበቡት። አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ልጣፉን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ማዕዘን ያለው ልጣፍ ከማዕዘኑ ይነሣል። በየአቅጣጫው ከቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። የልጣፍ ጨርቅ ከሌለ መርካቶ ሸራ ተራ የሚሸጠው የጭነት መኪና ሸራ፣ ክር ያለው ፒቪሲ የሆነው፣ ከዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ ያገለግላል። ሁለቱንም ገጽ በንጹሕ አሴቶን ጥረጉ። የቀለም ቲነርና ቤንዚን ቅባት ስለሚተዉ ይቅሩ። ማጠንከሪያውን አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ፣ ማለትም ለ20 ግራም 1 ግራም፣ ቀላቅሉ፤ የማጣበቂያው ቆርቆሮ ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ እሱን ስሙ። በሁለቱም ገጽ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 30 ደቂቃ ይድረቅ። ድገሙና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ጣት ላይ ሲጣበቅ፣ ግን ሳይወጣ ሲቀር፣ ልጣፉን ከመሐል ወደ ጠርዝ በማንኪያ ጀርባ አጥብቃችሁ እሹት። 24 ሰዓት ሳይሞላው አይነፋ፤ ሙሉ ግፊት ከሦስት ቀን በኋላ። ነሐሴ ላይ ደግሞ አትጀምሩት። እርጥበት ማጣበቂያውን ነጭ ያደርገዋል፣ ነጭ የሆነ ማጣበቂያ አይዝም። የክረምት ቀዳዳ ጥቅምትን ይጠብቅ።

ፎርጅዱ ብዙ ነው፤ ካርቶኑም ተለጣፊ ጽሑፉም ምስክር አይሆኑም። ስለዚህ በጣት ፈትሹ። ትርፍ ጠርዝ ፈልጋችሁ በሁለት እጅ ሳቡት፤ እንደ ፌስታል ከተለጠጠ ክር የለውም። የተቆረጠ ጠርዙን በስልክ መብራት እዩት፤ በሁለት ሽፋን መካከል የክር መረብ መታየት አለበት። አንዳንዱ አስመሳይ የመረብ ቅርጽ ላዩ ላይ ያትማል፤ ያን ጊዜ የሚያጋልጠው መሳቡ ነው። ከዚያ ሚዛን ላይ አውጡት። እውነተኛ 0.9 ሚሊ ጨርቅ በካሬ ሜትር ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ባለ 2.3 ሜትሩ የኋላ ጣውላ ያለው ጀልባ ያለ ወለል 15 ኪሎ አካባቢ፣ ከነወለሉ ከ20 በላይ ይሆናል። 8 ወይም 9 ኪሎ ከመጣ ውሸት ነው። ቫልቮላው የሚጠመዘዝ ይሁን፣ የውስጥ ላስቲኩም ለስላሳ። የአየር ክፍሎቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ። ሻጩ አስነፍቶ 24 ሰዓት ሱቁ ውስጥ ለማሳደር ካልፈቀደ ምክንያቱን እሱ ያውቀዋል።

ገንዘብ ለመቆጠብ አንድ መንገድ አለ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ያለ ወለል የሚሸጠውን አስመጡ፤ ክብደቱ ከ23 ኪሎው የሻንጣ ገደብ አያልፍም። ኤርፖርት ቀረጥ ሊጠየቅበት ስለሚችል ደረሰኙ አብሮ ይምጣ። ወለሉን እዚሁ አናጺ ከ12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በሦስት ቁራጭ ይሥራው። ጠርዙ ክብ ሆኖ በደንብ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ያለበለዚያ ጎኑን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ሦስት እጅ ቨርኒሽ፣ ጠርዙ ላይ አራት።

ስለ ሌሎቹ ብዙ አይባልም። ካያክ የሚባለው ጠባብ ጠንካራ ፕላስቲክ ጀልባ ከ20 እስከ 27 ኪሎ ነው፤ አይበሳም፣ ነፋስም ይቋቋማል። ግን 3 ሜትር ዕቃ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ማዞር የጎረቤት ፍቅር ይፈትናል። ፋይበር ግላሱ ለጥገና ከሁሉም ይቀላል፣ ግን 50 ኪሎ ያልፋል። ዝዋይ ዳር አደራ የሚያስቀምጥለት ሰው ያለው ይግዛው። ከላሜራ የሚበየደውን ግን አልመክርም፤ 1.5 ሚሊው በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ገደማ ነው፣ ይዝጋል፣ ውኃ ከገባበትም እንደ ድንጋይ ይወርዳል።

ሞተር ለሚያስቡ፦ ቀጭኑ ላይ አይሰቀል። ወፍራሙ ላይ ባለ 12 ቮልት የኤሌክትሪክ ሞተር ይበቃል፤ ትልልቆቹ በሙሉ ፍጥነት 50 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ባለ 100 አምፔር-ሰዓቱ ባትሪ ግማሹ እንዲቀር ከተፈለገ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የመኪናውን ባትሪ ነቅሎ መጠቀም ባትሪውን መግደል ነው፤ ለሶላር የሚሸጠው ይሻላል። ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ መሆኑን ደረጃው ላይ ሳትደርሱ አስቡት።

ላይፍ ጃኬቱ የጀልባው ዋጋ አካል ነው፤ እዚህም ፎርጅድ አለ። 5 ኪሎ የሚዛን ብረት አስራችሁ በርሜል ውኃ ውስጥ ጣሉት። ካልያዘው የአዋቂ ሰው አይይዝም። ይዞት ካደረና ጠዋት ከሰመጠ ስፖንጅ ነው የሞሉት። ይህን ሁሉ አሟልታችሁም በሚነፋ ጀልባ ጫሞና ቆቃ አትግቡ፤ አዞ አለ። ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ደግሞ ጉማሬ ስላለ ከደንገሉ ራቁ። ዝዋይ ዳር ጀልባ ስታስገቡ በቦት ጫማ ይሁን፤ ቢልሃርዚያ አለበት።

ያገለገለ ወፍራም ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ከአዲስ ቀጭን ይበልጣል። ስትገዙ ግን የተጣጠፈበትን መስመር በጥፍር ፋቁት፤ ክሩ ብቅ ካለ ሽፋኑ አልቋል፣ ዋጋው ግማሽ ቢባልም ተዉት። ላዩ በሙቀት ቀን የሚያጣብቅ ከሆነ ፀሐይ በልቶታል። የአይጥ ጥርስ ያለበት ከሆነ ቀዳዳው አንድ አይሆንም፤ አይጥ የታጠፈ ጨርቅ ስትበላ በየእጥፋቱ ትበሳለች፣ ስለዚህ ሙሉውን ዘርግታችሁ ቁጠሩ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ።