የአውሮፕላን ኤምሲሲ ይዤ ወደ ሄሊኮፕተር ስሻገር ምን ተቆጠረልኝ፣ ኮርሱስ እንዴት ነበር

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው አውሮፓ ሆናችሁ የአውሮፕላን ላይሰንስ ይዛችሁ ወደ ሄሊኮፕተር ለመሻገር ለምታስቡ ነው። እኔ ጀርመን ነኝ፣ የሄሊኮፕተር ኤምሲሲ ኮርሴን የጨረስኩት ባለፈው ወር ነው። ኤምሲሲ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፣ ሁለት ፓይለት ያለበት ኮክፒት ውስጥ ሥራ ተከፋፍሎ፣ ተነጋግሮ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት በጊዜ እያየ መብረር የሚማሩበት ኮርስ ነው። ሲፒኤል (ተከፍሎህ የምትበርበትን የንግድ ፓይለት ላይሰንስ) ስታወጡ ብቻችሁን ነው የምትፈተኑት፣ ትልቁ ማሽን ላይ ግን ብቻውን የሚሰራ ሰው የለም።

የአውሮፕላኑን ከሁለት ዓመት በፊት ወስጄዋለሁ፣ 25 ሰዓት ክላስ፣ 20 ሰዓት ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ)። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ይሄ ይቆጠርልኛል ወይ" የሚል ነበር። መጀመሪያ የጠየቅኩት ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ "የሄሊኮፕተር ራሱን የቻለ ነው፣ ከዜሮ ትጀምራለህ" ብሎ የሙሉ ኮርሱን ሂሳብ ላከልኝ። አንድ የማውቀው ልጅ ደግሞ "ኤምሲሲ ያው ኤምሲሲ ነው፣ ምንም አትወስድም" አለኝ። ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ እኔ ግን ይሄን እስካውቅ ድረስ ሁለት ወር አለፈኝ እና በጣም ነው የተናደድኩት።

አሁን የተማርኩበት ቦታ ስሄድ ኮርሱን የሚመሩት ሰውዬ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ የድሮ የባህር ላይ ሄሊኮፕተር ፓይለት ናቸው፣ ገንዘብ ከማውራታቸው በፊት የኢያሳን (የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ድርጅት) የፓይለት ላይሰንስ ደንብ፣ ፓርት ኤፍሲኤል የሚባለውን፣ ከፍተው 735 ኤች የሚለውን ቦታ በጣታቸው እያሳዩ አስነበቡኝ። በሌላ ዓይነት የበረራ ማሽን ኤምሲሲ የጨረሰ ሰው ከክላሱ ትምህርት ነጻ ነው ይላል፣ ከ25ቱ ሰዓት ማለት ነው። ከሲሙሌተሩ ግን ነጻ የሚያደርግ የለም። በቃ ይሄው ነው። የወረቀቱ ትምህርት ይሻገራል፣ የእጁ አይሻገርም። በተቃራኒውም ያው ነው፣ ከሄሊኮፕተር ወደ አውሮፕላን የሚሄድ ሰውም ከክላሱ ነው ነጻ የሚሆነው።

ለኤርላይን ፓይለቶች ግን ሌላ በር አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ባለብዙ ፓይለት አውሮፕላን ላይ 500 ሰዓት የበረረ ሰው የመጀመሪያውን ባለብዙ ፓይለት ሄሊኮፕተር ታይፕ ሬቲንግ (አንድን የተወሰነ ሞዴል የማብረር ፈቃድ) ለመጀመር የሄሊኮፕተር ኤምሲሲ ሰርተፍኬት አይጠየቅም፣ ሰዓቱ ይተካለታል (በሄሊኮፕተር ካፒቴንነት 70 ሰዓት እና የኤቲፒኤል ኤች፣ ማለትም የከፍተኛው የሄሊኮፕተር ፓይለት ላይሰንስ፣ የጽሑፍ ፈተና ግን ይቀራሉ)። እኔ 500 የለኝም ስለዚህ ኮርሱ ግዴታዬ ነበር። ከኢትዮጵያ ላይሰንስ ጋር የምትመጡ ደግሞ አስቀድማችሁ ላይሰንሱን ወደ ኢያሳ መቀየር አለባችሁ፣ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

የሄሊኮፕተሩ ኮርስ ሁለት ዓይነት ነው፣ ቪኤፍአር (ውጭውን በዓይን እያዩ መብረር) 15 ሰዓት፣ አይአር (በመሳሪያ ብቻ መብረር) 20 ሰዓት። እኔ የሄሊኮፕተር አይአር ገና ስለሌለኝ ቪኤፍአሩን ወሰድኩ። ቪኤፍአሩን የጨረሰ ሰው በኋላ አይአሩን ሲወስድ 5 ሰዓት ብቻ ነው የሚጨምረው፣ 15 ሲደመር 5 ያው 20 ነው፣ ስለዚህ ከፋፍላችሁ ብትወስዱ በሰዓት አትከስሩም። ይሄንንም የነገሩኝ ኮርሱን የሚመሩት ሰውዬ ናቸው፣ ትልቁን ኮርስ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ ሲሙሌተሩ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ "ኮክፒት ውስጥ መነጋገር ተምሬ የለ እንዴ፣ ለምን 15 ሰዓት ልክፈል" ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሃሳቤን ቀየርኩ። አውሮፕላን ላይ ካፒቴኑ ግራ ነው የሚቀመጠው፣ ሄሊኮፕተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ ነው። ግራ እጅ ኮሌክቲቭ (ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማንሻ) ላይ፣ ቀኝ እጅ ሳይክሊክ (አቅጣጫ የሚሰጠው ዘንግ) ላይ፣ እግሮች ፔዳል ላይ፣ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። አውሮፕላን ላይ የሚያበረው ሰው አውቶፓይለት አስይዞ ፍሪኩዌንሲ ቢቀይር ምንም አይደል፣ እዚህ መሬት አጠገብ ሆኜ በልማድ እጄ ወደ ሬዲዮው ሲሄድ ማሽኑ ወዲያው መንሸራተት ጀመረ፣ ኢንስትራክተሩ ሲሙሌተሩን አስቁመው "እጅህ እሱ ነው፣ ጠይቀው" አሉኝ አብሮኝ የሚሰለጥነውን ጓደኛዬን እያሳዩ። ያቺን ቃል አልረሳትም። ቶርክ (ኢንጅኑ ምን ያህል ጉልበት እየሰጠ እንደሆነ የሚያሳየውን) አንብቦ ጮክ ብሎ የሚናገረው፣ ሬዲዮ የሚነካው፣ ቼክሊስት የሚይዘው ሌላኛው ነው፣ እናንተ መጠየቅ ካልቻላችሁ ማንም አይሰራላችሁም።

ኢንጅን ሲጠፋም እንደዛው ነው። አውሮፕላን ላይ ቪ ዋን የሚባል ፍጥነት አለ፣ ከሱ በፊት ብሬክ ትይዛላችሁ ከሱ በኋላ ትነሳላችሁ። ሄሊኮፕተር ላይ የመነሻ ውሳኔ ነጥብ ነው ያለው፣ እዛ ሳትደርሱ ኢንጅን ቢጠፋ አየር ላይ ሆናችሁ ነው ወደ መሬት የምትመለሱት። ስለዚህ ያቺን ነጥብ የሚጠራው ሰው አንድ ሰከንድ ቢዘገይ የሚመጣው ነገር ሌላ ነው። አራት ጊዜ ደጋግመን ሰራነው፣ አራተኛው ላይ ነው አፋችንና እጃችን አንድ ላይ የሄደው።

ከክላስ ነጻ ብሆንም "ግባና ቁጭ በል፣ አናስከፍልህም" ብለው ሁለት ቀን አስገቡኝ፣ ለዚህ በጣም አመሰግናቸዋለሁ። የአውሮፕላኑ ክላስ ላይ የተማርነው ቴኔሪፌን ነው፣ በ1977 ሁለት አውሮፕላኖች መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ያለቀበትን። እዚህ የተማርነው ኦገስት 2013 ስኮትላንድ፣ ሼትላንድ ደሴቶች፣ ሰምበርግ አጠገብ ባህር ላይ የወደቀውን ሱፐር ፑማ ሄሊኮፕተር ነው፣ 18 ሰው ነበረበት 4 ሞቱ። አውቶፓይለቱ የመውረጃ ፍጥነቱን ይዞ ነበር፣ የአየር ፍጥነቱን ግን ካፒቴኑ በኮሌክቲቭ በእጁ መጠበቅ ነበረበት፣ ፍጥነቱ እየወረደ ሲሄድ ሁለቱም ፓይለቶች በጊዜ አላዩትም። የአውሮፕላን ሰው አውቶ ትሮትል (ፍጥነቱን ራሱ የሚጠብቀውን) ስለለመደ ይሄ አይታየውም። እኔ ደንቡ ከክላስ ነጻ አድርጎኝ ዝም ብዬ ቀርቼ ቢሆን ይሄን አላውቅም ነበር፣ ስለዚህ ነጻ ብትሆኑም ቢያንስ የሄሊኮፕተር አደጋዎቹን ክፍል ለምናችሁም ቢሆን ግቡ።

ቅሬታ፦ የሲሙሌተሩ ቀጠሮ ሁለቴ ተሰረዘብኝ፣ ኮርሱ በ6 ወር ውስጥ ማለቅ አለበት እና ሥራ ላይ ላለ ሰው ይሄ ያስጨንቃል። ጓደኛ ይዛችሁ ብትመዘገቡ ይሻላል፣ ከእኔ ጋር ያጣመሩት ልጅ በጣም ጎበዝ ነበር ግን እሱን እስኪያገኙልኝ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። የሲሙሌተሩ ምስልም መሬት አጠገብ ትንሽ ይደበዝዛል።

ሰርተፍኬቱን ስትቀበሉ ቪኤፍአር ወይ አይአር የሚለው መጻፉን እዛው ቆማችሁ እዩ። የኔ መጀመሪያ ሳይጻፍበት ነበር የወጣው፣ ስነግራቸው ሰውዬው ራሳቸው ቢሮ ገብተው በዛው ቀን አሳትመው ፈርመው ሰጡኝ።