ማያሚ ያለው የሄሪኬን ማዕከል ከጣና ዳር ሲታይ

ታላቅ እህቴ ሂውስተን ትኖራለች። እኔና እናቴ ባሕር ዳር ነን። ክረምት በመጣ ቁጥር ዜናው "አሜሪካን ከባድ አውሎ ነፋስ መታት" ይልና ወደ ስፖርት ያልፋል። ፍሎሪዳ ይሁን ቴክሳስ፣ ለእናቴ ያው ነው። አሜሪካ ከተባለ ነፋሱ ልጇ በር ላይ ቆሟል። ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የአሜሪካ ብሔራዊ የሄሪኬን (ከውቅያኖስ የሚነሳ ከባድ አውሎ ነፋስ) ማዕከልን ድረ ገጽ መከታተል የእኔ የቤት ሥራ ሆኖ ቀረ። በዚያ በኩል ዘመድ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ስለ ገጹ የማስበውን ልንገራችሁ።

ገጹ ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ተመዝገቡ አይልም። የአትላንቲክ የሄሪኬን ወቅት በይፋ የሚከፈተው ጁን 1 ሲሆን የሚዘጋው ኖቬምበር 30 ነው። በእኛ ሲቆጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን መሆኑ ነው። ከሁሉም የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው፤ እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስንጠይቅ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን እህቴ ስትደውል "እንኳን አደረሰሽ" ከማለታችን በፊት የሚጠየቀው ነፋሱ ነው።

መክፈት ያለባችሁ የ7 ቀኑን ካርታ ነው። ውቅያኖሱ ላይ የሚያሰጋ ነገር ካለ ቦታው ቀለም ይቀባል። ወደ አውሎ ነፋስነት የመለወጥ ዕድሉ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ቢጫ፣ ከ40 እስከ 60 ከሆነ ብርቱካንማ፣ ከ60 በላይ ከሆነ ቀይ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ይህን ካርታ ግን ጠንቅቃ ታነባለች። ቡና እየቆላች "ዛሬስ ቢጫ ነው ቀይ?" ትለኛለች። መነጽሯን አድርጋ ሂውስተንን በጣቷ ልታሳየኝ ስትል ካርታው ያድግና ከተማዋ ከስክሪኑ ትወጣለች። "እህትህን የት ወሰድካት?" ብላ ትቆጣኛለች። ስልኩን መልሼ እስካስተካክል ቡናው ያራል።

ከሁሉም የወደድኩት ሰዓት አክባሪነቱን ነው። ይህ ካርታ በቀን አራት ጊዜ ይታደሳል። በወቅቱ አብዛኛው ጊዜ የማያሚ ሰዓት ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ በእኛ ጠዋት 3፣ ቀን 9፣ ማታ 3 እና ሌሊት 9 ላይ ይወጣል። ስም የወጣለት ማዕበል፣ ማለትም አውሎ ነፋስ፣ ሲኖር ደግሞ መደበኛው መግለጫ በ6 እና በ12 ሰዓት ነው፣ ቀንም ሌሊትም። ይህን ካወቃችሁ በየደቂቃው ስልክ መነካካት ይቀራል። እናቴም ገብቷታል። ማታ 3 ሰዓት አይታ ትተኛለች፤ ከዚያ በፊት የሚመጣ ወሬ ሁሉ ወሬ ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ገጹ ላይ የማዕበሉን መንገድ የሚያሳየው ሾጣጣ ምስል ነው። ብዙ ሰው የነፋሱ ስፋት ይመስለዋል። አይደለም። የማዕበሉ መሃል ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ ነው የሚያሳየው፤ እሱም ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ነው የሚይዘው። ዝናቡና ጎርፉ ከሾጣጣው ውጭም ይደርሳል። ማዕከሉ ራሱ ይህን ደጋግሞ ያሳስባል፤ የሚያነበው ጥቂት ነው እንጂ።

በፈረንጆቹ 2024 ቤሪል የተባለውን ሄሪኬን በዚሁ ምስል ነው የተከታተልነው። ጁላይ 2 ላይ የመጨረሻው የብርታት ደረጃ የሆነው ምድብ 5 ደረሰ፤ በወቅቱ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ብርታት ከዚያ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ ቴክሳስ ያመለክት ነበር። ከዚያ በየመግለጫው ወደ ሰሜን ፈቀቅ፣ ፈቀቅ እያለ ጁላይ 8 ቴክሳስ ዳርቻ ያለችው ማታጎርዳ ላይ ምድብ 1 ሆኖ ገባ። ምድብ 1 ሲባል ቀላል ይመስላል። ግን በሰዓት ቢያንስ 119 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ነው። በሂውስተንና በአካባቢው ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ። እህቴ ስልኳን መኪናዋ ውስጥ ነበር የምትሞላው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠችው እንጀራም ተበላሸ። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሻማ አላት?"

ሌላው የሚያሳስተው የምድቡ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው፣ ዝናቡን አይነካም። በፈረንጆቹ 2017 ሃርቪ የተባለው ሄሪኬን ቴክሳስ ላይ ተቀመጠና፣ ኔደርላንድ በምትባል ከተማ በጥቂት ቀናት 1,539 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ። ባሕር ዳር በዓመት የምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሐምሌና ነሐሴን እዚህ ያሳለፈ ሰው የዓመቱ ዝናብ በአንድ ሳምንት ሲወርድ ምን እንደሚመስል ያስበው። ስለዚህ ምድቡን አይታችሁ አትረጋጉ፤ የጎርፍና የዝናብ ካርታውንም ክፈቱ።

በሜይ መጨረሻ የሚወጣው የወቅቱ አጠቃላይ ትንበያም አለ፤ እሱን የሚያወጣው የማዕከሉ እናት መሥሪያ ቤት ኖዋ ነው። በ2024 ከ17 እስከ 25 ስም የሚወጣላቸው ማዕበሎች ይኖራሉ አለ፣ 18 ሆኑ። መጥፎ አይደለም። ግን የትኛው ከተማ እንደሚመታ አይናገርም፣ አይችልምም። ለዜና ይመቻል፤ ለእኛ ቤት ግን ብዙም አልጠቀመንም።

አንድ ነገር ግን ከእኛ ጋር ያገናኘናል። ኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ) ሲኖር የአትላንቲክ ሄሪኬን ይቀንሳል፣ የእኛም ክረምት ይደክማል። በ2007 ዓ.ም ክረምቱ ሲከዳን እነሱ ቀለል ያለ ወቅት ነበራቸው። ይባስ ብሎ ከባዶቹ ሄሪኬኖች አብዛኞቹ የሚነሱት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። በፈረንጆቹ 2000 የተነሳውን አልቤርቶ የተባለ ሄሪኬን ተመራማሪዎች ወደኋላ ተከትለው መነሻውን የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ አግኝተውታል። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። "እንግዲህ ከደጃችን ተነስቶ ነው ልጄን የሚያስቸግራት?" አለች።

እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ ከጀልባ ጋር ነው የምውለው። ስለዚህ ይህን ገጽ ባየሁ ቁጥር ለጣናም እንዲህ ያለ ቢኖር እላለሁ። የስልኬ መተግበሪያ ክረምቱን ሙሉ "ዝናብ 80 በመቶ" ይላል። እንግዳዬ ደንግጦ ዘጌን ይሰርዛል። ሐይቁና ዳርቻው ላይ ግን ዝናቡ በብዛት የሚጥለው ሌሊት ነው፤ ጠዋት ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደርሶ መመለስ ይቻላል። የሚያሳስበው የከሰዓቱ ነፋስ ነው። ጣና ጥልቀቱ በአማካይ 9 ሜትር አይሞላም፤ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ካፒቴኖቻችን ደመናውን አይተው "እንመለስ" ሲሉ መመለስ ነው። በሰዓት የተከፋፈለ፣ "በዚህ ሰዓት የመናወጥ ዕድሉ 30 በመቶ" የሚል ካርታ ቢኖር ግን ለእንግዳው ማስረዳት ይቀለኝ ነበር።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በሾጣጣው ነው፤ ማብራሪያው ከምስሉ ይልቅ ጎልቶ መታየት ነበረበት። ኔት ደካማ ሲሆን ጽሑፍ ብቻ ያለውን ገጽ ክፈቱ፣ ዳታ አይበላም። ምስሉን ለቤተሰብ በቴሌግራም ስትልኩ ቀንና ሰዓቱ ያለበትን መስመር አትቁረጡት። የአምና ካርታ በቤተሰብ ግሩፕ ሲዞር አይቻለሁ፤ ያን ቀን እናቴን ለማረጋጋት ሂውስተን መደወል ግድ ሆኖብናል።