ለባሕር ዳርቻ ውኃ የትኛውን ሴንሰር እንግዛ?

የባሕር ዳርቻን ውኃ ጥራት ቀንና ሌሊት የሚከታተል ሴንሰር ሊገዛ የተነሣ ሰው፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው የትክክለኝነት ቁጥሩ ላይ ነው። ያ ቁጥር ግን አዲስ መሣሪያ በቤተ ሙከራ የሚያስመዘግበው ነው። እኔ ሻጭን መጀመሪያ የምጠይቀው መሣሪያው ራሱን በምን እንደሚያጸዳ ነው።

ምክንያቱም ሞቅ ባለ ባሕር ውስጥ የገባ ሴንሰር በጥቂት ቀናት ልጋግ ይለብሳል። ሳምንታት ሲያልፉ አልጌ ይበቅልበታል፤ ቅርፊታቸው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ትንንሽ እንስሳትም ይጣበቁበታል። ከዚህ የሚመጣው ስሕተት ክፋቱ እውነት መምሰሉ ነው። የሰፈረው አልጌ ቀን ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት መልሶ ይጠቀመዋል። የኦክስጅን ንባቡም ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይላል። ባሕሩ ራሱ እንዲሁ ስለሚያደርግ ማንም አይጠራጠርም፤ የተለካው ግን ባሕሩ ሳይሆን በሴንሰሩ መስተዋት ላይ ያለው ልጋግ ነው።

ለጽዳት በብዛት የሚቀርቡት ሁለት መንገዶች ናቸው። በሞተር የሚዞር መጥረጊያ ከልኬት በፊት መስተዋቱን ይጠርጋል። በብርሃን ለሚለኩ ሴንሰሮች ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ነገር ግን ባትሪ ይበላል፣ ብሩሹ ራሱ ጭቃና ልጋግ ይይዛል፣ ሞተሩም ሊቆም ይችላል። የመዳብ ከለላ ደግሞ ኃይል አይፈልግም፣ የሚሰበር ተንቀሳቃሽ አካልም የለውም። እድገቱን ያዘገያል እንጂ የበቀለውን አያነሣም። መዳቡ ከሌላ ብረት ጋር በጨው ውኃ ውስጥ ከተነካካ ያኛው ብረት በዝገት ፈጥኖ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ በመካከላቸው ፕላስቲክ መኖሩን አረጋግጡ። ጣቢያውን በወር አንዴ ብቻ የምትጎበኙ ከሆነ ሁለቱንም ግዙ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ መጥረጊያውን እመርጣለሁ።

ወደ ኦክስጅን ስንመጣ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተፈለሰፈው ስስ ሽፋን ያለው ኤሌክትሮድ (በኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ) ዛሬም በርካሽ ይገኛል። ሲለካ ኦክስጅኑን ስለሚፈጅ ውኃው በአጠገቡ መንቀሳቀስ አለበት፤ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽም በየጊዜው ይለወጣል። በብርሃን የሚሠራው ሴንሰር ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን በቀለም ንጣፍ ላይ ይጥላል፤ ንጣፉ መልሶ የሚያወጣው ቀይ ብርሃን በኦክስጅኑ መጠን ልክ ይደበዝዛል። ኦክስጅን አይፈጅም፣ አንዴ ከተስተካከለም ንባቡ ለወራት አይዛባም። ንጣፉ ያለበት ክዳን በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ብቻውን ለሚሠራ ጣቢያ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ግዙ።

የትኛውንም ብትመርጡ የጨዋማነት መለኪያ አብሮ ይኑር። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦክስጅን የጠገበ ጨው አልባ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ የባሕር ውኃ ግን 6.7 ያህል ብቻ ነው። ጨዋማነቱ ዜሮ ተብሎ የተሞላ መሣሪያ ሃያ በመቶ ያህል አብዝቶ ይነግራችኋል፤ ዓሣው እየታፈነ ውኃው ደኅና ይመስላል። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ጨዋማነቱ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ አንድ ቋሚ ቁጥር ማስገባቱም አይበቃም።

አልጌን ለሚመግበው ለናይትሬት፣ ርካሹን የአዮን ኤሌክትሮድ (አንድን የሟሟ ንጥረ ነገር ለይቶ በኤሌክትሪክ የሚለካውን) ለባሕር አትግዙ፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ንባቡን ያበላሸዋል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚለካው ኬሚካል አይፈልግም፣ ፈጣንም ነው፤ በባሕር ጨው ውስጥ ያለው ብሮማይድ ያንኑ ብርሃን ስለሚውጥ ግን ለባሕር ውኃ የተዘጋጀ ማስተካከያ እንዳለው ጠይቁ። ኬሚካል እየቀላቀለ የሚለካው አነስተኛ መጠንን በተሻለ ይለያል፤ በምትኩ ኬሚካሉን የሚሞላና ቆሻሻውን የሚያስወግድ ሠራተኛ ይፈልጋል።

የድፍርስነት መለኪያዎች በነጭ ወይም በኢንፍራሬድ ብርሃን ይሠራሉ፤ ንባባቸው ስለማይመሳሰል በአንድ መዝገብ አታደባልቋቸው። ለዋናተኞች ደኅንነት የሚያስፈልገውን የባክቴሪያ ቆጠራ ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አይሰጥም፤ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ መሄዱ ይቀጥላል።

ዋጋ ስታወዳድሩ የመለዋወጫ ክዳንና ብሩሽ ዋጋ፣ የሚደርስበትም ጊዜ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ከተቻለም ከአንድ ውድ መሣሪያ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ግዙ፤ አንዱ ሲጸዳና ሲስተካከል ሌላው ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ሲለዋወጡም ለጥቂት ሰዓታት ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የቆየው ምን ያህል እንደሳተ በዓይናችሁ ታያላችሁ።